ኮክ ከመጨመራችሁ በፊት፦ ሲንተር ላይ ነዳጅ መቆጠብና ጥራት ማሻሻል

ሲንተር ፋብሪካ ውስጥ፣ ማለትም ደቃቅ የብረት ማዕድን በኮክ (ከድንጋይ ከሰል በሚሠራ ነዳጅ) እሳት ተያይዞ ሲንተር የሚባል ቁራጭ በሚሆንበት ቦታ፣ ፈረቃ የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሲንተሩ ሲፈረካከስ ኮክ ይጨመራል። ተመላሹ (ደቅቆ እንደገና የሚነደው) ሲበዛ ኮክ ይጨመራል። ላቦራቶሪው (ላብ የምንለው) ደውሎ «ጥንካሬው ወርዷል» ሲል አሁንም ኮክ ይጨመራል። ለጥቂት ሰዓት ነገሩ የተስተካከለ ይመስላል። ከዚያ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ሲንተሩ ከልክ በላይ ይቀልጣል፣ ፍርግርጉ ላይ ይጣበቃል፣ ብላስት ፈርነስ (ሲንተሩ ቀልጦ ብረት የሚሆንበት ምድጃ) ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ማማረር ይጀምራሉ። ምስራቅ ህንድ፣ ኦዲሻ ውስጥ በአንድ ሲንተር ፋብሪካ በፈረቃ ስሠራ ለረጅም ጊዜ ያየሁት ይህንኑ ነው። አሁን የምጽፈው ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ ልጆች ነው። ውጭ አገር ብረት ፋብሪካ ለተቀጠራችሁም፣ ማቴሪያልስ ኢንጂነሪንግ እየተማራችሁ ሲንተርን በመጽሐፍ ብቻ ለምታውቁትም።

የምለው አንድ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ኮክ አይደለም። ወይ አየር ጎድሏል፣ ወይ ውሃው አልተስተካከለም፣ ወይ ኮኩ አለ ግን ያለቦታው ነው። እንጀራ ዓይን አላወጣ ሲል እሳቱን ቢያነዱት ምን ዋጋ አለው፤ ችግሩ ሊጡ ላይ ነው። ሲንተርም እንደዚያው ነው።

ሂደቱን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ብላስት ፈርነስ ደቃቅ ማዕድን አይወድም፤ የአየር መተላለፊያው ይዘጋበታል። ስለዚህ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው የብረት ማዕድን ከኖራ ድንጋይ፣ ከዶሎማይት፣ ከኮክ ድቃቂና ከተመላሽ ጋር ይደባለቃል። ውሃ ይረጭበትና ድራም ውስጥ እየተንከባለለ ይድበለበላል፣ ከዚያ በሚንቀሳቀስ ፍርግርግ ላይ ይነጠፋል። ከላይ ይለኮሳል። ከስር ትልቅ ፋን አየሩን ይስባል። እሳቱ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሙቀቱ 1300 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፣ ማዕድኑ በከፊል ቀልጦ ይያያዛል። መጨረሻ ላይ ይሰበራል፣ ይቀዘቅዛል፣ በወንፊት ይለያል። ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው እንደገና ወደ መጀመሪያው ይሄዳል፤ ተመላሽ የምንለው እሱን ነው። ማሽኑን ድዋይትና ሎይድ የተባሉ ሁለት ኢንጂነሮች እ.ኤ.አ. በ1906 ሜክሲኮ፣ ካናኔያ ውስጥ የሠሩት ለመዳብ ማዕድን ነበር። መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው።

አንድ ቶን ሲንተር ለማምረት ከ40 እስከ 60 ኪሎ የኮክ ድቃቂ ይገባል። አንድ ኪሎ ኮክ 28 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ በቶን አንድ ኪሎ ብቻ ቢቆጥብ በዓመት 3 ሺህ ቶን ኮክ ተረፈ ማለት ነው። ወደ ሰማይ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በ9 ሺህ ቶን ገደማ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አንዳንዱ ነገር አንድ ኪሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዚያም በላይ ያስገኛል።

መጀመሪያ የኮኩን እርጥበት እወቁ

ኦዲሻ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ እንደኛው ክረምት። ኮኩ ሜዳ ላይ ተከምሮ ይውላል፣ ያድራል። ሚዛኑ ደግሞ የሚመዝነው ኮኩን ከነውሃው ነው።

እስቲ እናስላው። ለ1000 ኪሎ ድብልቅ 60 ኪሎ ኮክ እንዲገባ ታዟል እንበል። እርጥበቱ 8 በመቶ ከሆነ ደረቁ ኮክ 55.2 ኪሎ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ እርጥበቱ 16 በመቶ ቢገባ ደረቁ 50.4 ኪሎ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ያው 60 ነው የሚታየው። ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ኮክ ግን የለም።

አንድ ሐምሌ እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የሌሊት ፈረቃ ሲንተሩ ደከመ ብሎ ኮክ ጨመረ። ጠዋትም ጥሩ አልነበረም፣ ተጨመረ። ከሁለት ቀን በኋላ ፀሐይ ወጣ፣ ከክምሩ ላይ የሚነሳው ኮክ ደረቀ፣ የተጨመረው ግን አልተቀነሰም። ከሰዓት በኋላ ላይ ከማሽኑ ጫፍ የሚወድቀው ሲንተር እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ኤፍኢኦ (ፌረስ ኦክሳይድ) ከ9 በመቶ ተነስቶ 12 አለፈ። የፍርግርጉ ብረቶች በቅልጥ ተዘጉ። እነሱን ለማጽዳት ማሽኑን አቆምን፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ በመዶሻ ሲቀጠቅጡ የዋሉትን ሠራተኞች አልረሳቸውም። ያ ሁሉ የመጣው የኮኩን እርጥበት በፈረቃ አንድ ጊዜ እንኳ የሚለካ ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ በዝናብ ወቅት በየሁለት ሰዓቱ ናሙና አውጡ። አንድ ኪሎ መዝኑ፣ ምድጃ ውስጥ በ105 ዲግሪ አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ። ማዘዣችሁን በደረቅ ኮክ አስሉ፣ ከዚያም በላይ በደረቁ ውስጥ ባለው ካርቦን። አመዱ ከፍ ያለ ኮክ ሲመጣ ኪሎው ያው ሆኖ ሙቀቱ ያንሳል። ለኮኩ ጣራ ብታሠሩለት ወጪው ቶሎ ይመለሳል፤ አለቃችሁን ለማሳመን ከላይ ያለውን ስሌት ይዛችሁ ግቡ።

ኮኩ ስንት ሚሊ ነው?

ጥሩው መጠን ከ0.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የሚተልቀው ሁለት ጥፋት አለው። አንደኛ፣ ሲነጠፍ እየተንከባለለ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ያለው ደግሞ ከላይ በሚወርደው ሙቀት ምክንያት ድሮም ብዙ ነዳጅ አይፈልግም። ሁለተኛ፣ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ዙሪያውን አቅልጦ አየሩን ይዘጋል። ከ0.5 በታች የሆነው ደግሞ ብልጭ ብሎ ያልቃል፤ ሙቀቱ ማዕድኑን ለማያያዝ ጊዜ አያገኝም። ዱቄት ኮክ ብዙ ባለበት ሲንተሩ ልፍስፍስ ይሆናል፣ ኦፕሬተሩም ኮክ አነሰ ብሎ ያስባል።

የኮክ መፍጫው ሮለር ሲያረጅ መካከሉ ይበላል፣ ትልልቁ ሳይፈጭ ያልፋል። ይህን ለማካካስ ክፍተቱን ሲያጠቡት ዳር ዳሩ ኮኩን ዱቄት ያደርገዋል። ማለትም በአንድ ጊዜ ትልቁም ዱቄቱም ይበዛል፤ አማካዩ ግን ጤነኛ ይመስላል። አማካይ ብቻ አትዩ። በየፈረቃው ናሙናውን በወንፊት አበጥሩና ከ3 በላይ ስንት፣ ከ0.5 በታች ስንት እንደሆነ ጻፉ። ሌላም አለ፤ ከመጣው ኮክ ውስጥ ድሮውኑ ከ3 ሚሊ በታች የሆነውን ከመፍጫው በፊት በወንፊት ለዩት። የደቀቀውን እንደገና መፍጨት ኮክ ማባከን ነው።

እጃችሁን ድብልቁ ውስጥ ክተቱ

እኔን ይህን ያስተማረኝ ሠላሳ ዓመት እዚያው የሠራ ሽማግሌ ፎርማን ነው። ከድራሙ ከሚወጣው ቀበቶ ላይ ናሙና በአካፋ ያወጣል (ማሽኑ ሲሄድ እጃችሁን ቀበቶው ላይ እንዳትልኩ፣ መውሰጃ ቦታ አለው)። ከዚያ አንድ እፍኝ ይጨብጣል። ጥብቅ አድርጎ ይዞ ይለቀዋል። ድብልቁ ተያይዞ ከቆመ፣ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ወደ ፍሬ ፍሬ ከተበታተነ፣ መዳፉም ረጠብ ብሎ ጭቃ ካልያዘ ውሃው ልክ ነው። ገና ሲለቀው ከፈረሰ ደርቋል። ነካ ሲያደርገው እንደ ጭቃ ከተለጠፈ በዝቷል። ከዚያ መዳፉን ይዘረጋና ፍሬዎቹን ያያል። ዱቄት ያልለበሰ ጠጠር ካለ ራሱን ይነቀንቃል። እርጥበት መለኪያው ከፍ ዝቅ ሲል የሱ እጅ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ለምን ይህን ያህል አስፈለገ? ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ቅንጣት እምብርት ይሆናል፣ ከ0.25 በታች ያለው ዱቄት በውሃ እየተለጠፈ ያለብሰዋል። በፍሬዎቹ መሃል ክፍት ቦታ ይቀራል፣ አየር በዚያ ያልፋል። አስቸጋሪው ከ0.25 እስከ 1 ያለው ነው፤ እምብርት ለመሆን ትንሽ፣ ለመለጠፍ ትልቅ። ማዕድን ስትመርጡ ወይም ስትቀላቅሉ ይህ መካከለኛ ክፍል እንዳይበዛ ተጠንቀቁ።

እርጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 በመቶ ነው፤ ልኩ ግን በማዕድኑ ይወሰናል። ውሃ የሚመጥ ቡናማ ማዕድን ብዙ ይጠይቃል። የውሃውን አብዛኛውን በመጀመሪያው ድራም ጨርሱ፣ በሁለተኛው ለማስተካከያ ያህል በስሱ እርጩ። የመርጫው ቀዳዳ ሲደፈን ውሃው በአንድ ቦታ ይንጠባጠባል፣ ያን ጊዜ እንደ ዶሮ እንቁላል የሚያክል ድብልብል ታያላችሁ፤ አጠገቡ ደግሞ ደረቅ ዱቄት። ቀዳዳዎቹን በየሳምንቱ አጽዱ። የድራሙ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተጋገረውንም አስነሱ፤ ድራሙ ሲወፍር የመንከባለያው ጊዜ ያጥራል።

ከልክ ያለፈ ውሃ ኮክም ይበላል። አንድ ቶን ድብልቅ ውስጥ አንድ በመቶ ትርፍ ውሃ 10 ኪሎ ነው። እሱን አሙቆ ለማትነን 26 ሜጋጁል ያህል ይሄዳል፤ አንድ ኪሎ ኮክ ገደማ። ትልቁ ጉዳት ግን አየሩ ላይ ነው። ከላይ የተነነው ውሃ ታች ካለው ቀዝቃዛ ድብልቅ ጋር ሲገናኝ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ ፍሬዎቹን ያሟሟል፣ መተላለፊያው ይዘጋል። መድኃኒቱ ድብልቁን ቀድሞ ማሞቅ ነው። ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ካለፈ እንፋሎቱ ውስጡ አይቀመጥም። በእንፋሎት ወይም በሙቅ ውሃ ይቻላል፤ በተቃጠለ ኖራም።

ኖራን በተመለከተ የምላችሁ አለኝ። ከድንጋዩ ጥቂቱን በተቃጠለ ኖራ ብትተኩ (በቶን ከ10 እስከ 30 ኪሎ የተለመደ ነው) ሦስት ጥቅም አንድ ላይ ታገኛላችሁ። ዱቄቱን እንደ ሙጫ ያይዛል። ከውሃ ጋር ሲገናኝ በኪሎ ከአንድ ሜጋጁል በላይ ሙቀት ስለሚለቅ ድብልቁን ያሞቃል። የኖራ ድንጋይ ደግሞ እሳቱ ውስጥ ሲፈርስ በኪሎ 1.8 ሜጋጁል ገደማ ስለሚበላ፣ እሱ ይቀራል። በእርግጥ ያ ሙቀት ኖራው በተቃጠለበት ምድጃ ወጥቷል፤ ስለዚህ ሒሳቡን የኖራውን ዋጋ ጨምራችሁ ሥሩ። ኖራው ደቃቅ ይሁን፣ ፍርግርጉ ላይ ከመድረሱም በፊት ውሃውን ጠጥቶ ይጨርስ። ካልጨረሰ ፍሬው ውስጥ ሆኖ ያብጥና ያፈርሰዋል። ዓይን ያጠፋልና መነጽር ሳታደርጉ አትጠጉት።

አየሩ የት ነው የሚያፈሰው?

ፋብሪካው ውስጥ ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚበላው ዋናው መምጠጫ ፋን ነው። የሚያሳዝነው፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ፋኑ ከሚስበው አየር ግማሽ ያህሉ በድብልቁ ውስጥ ጨርሶ ላያልፍ ይችላል። በጎን ይገባል፣ በክፍተት ይገባል፣ ሥራ ሳይሠራ ይወጣል።

መለካቱ ቀላል ነው። ከፍርግርጉ ሥር ያለውን ጋዝ ኦክስጅን ለኩ፣ ፋኑ ጋ ያለውንም ለኩ። ከሥር በአማካይ 12 በመቶ፣ ፋኑ ጋ 16 በመቶ ከሆነ ልዩነቱ 4 ነው። ንጹህ አየር 21 ስለሆነ፣ 21 ሲቀነስ 12፣ 9 ነው። 4 ለ9 ሲካፈል 44 በመቶ። ፋኑ ከሚስበው ውስጥ 44 በመቶው በክፍተት የገባ ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር በየወሩ ጻፉት።

ከዚያ ፍለጋ ውጡ። በረጅም ዱላ ጫፍ ላይ ቀጭን ጨርቅ እሰሩና ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ በማሽኑ ጎን አሳልፉት። ጨርቁ ወደ ውስጥ ጥልቅ ሲል አገኛችሁት ማለት ነው። የምፈትሸው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ በማሽኑ ሁለት ጫፍ ያለው ማሸጊያ ሳህን፣ በፓሌቱ (ድብልቁን ተሸክሞ በሚሄደው ጋሪ) እና ከሥሩ አየር በሚስበው መምጠጫ ሳጥን መሃል ያለው ተንሸራታች ማሸጊያ (ግሪሱ እየደረሰ ነው?)፣ የተሰነጠቀ የፓሌት ግድግዳ፣ የወደቀ የፍርግርግ ብረት፣ ከመምጠጫ ቱቦው ሥር ያለው የአቧራ ማውጫ ቫልቭ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ቫልቩ ውስጥ አንድ ቁራጭ ሲንተር ተቀርቅሮ ክፍት ከሆነ ቀን ከሌት ይነፍስበታል።

ሌላ የማይታይ ክፍተት አለ። ድብልቁ ሲነድ ይሸበሸብና ከፓሌቱ ግድግዳ ይለያል፤ አየሩ በዚያች ስንጥቅ ይሮጣል። ስለዚህ ስታነጥፉ ዳር ዳሩን ከመሃሉ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት። እዚህ ላይ ግን አደራ፦ በማሽኑ አካባቢ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ሽታ የለውም። መለኪያውን ደረታችሁ ላይ ሳትሰኩ አትሂዱ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ።

ንጣፉን ማስወፈር፣ ለኩሶ መተው

ከዚህ በላይ ያለውን ካስተካከላችሁ አየሩ በደንብ ያልፋል። ያኔ ንጣፉን ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ትልቁ የነዳጅ ቁጠባም እዚህ ነው። ከላይ የነደደው ንብርብር የሚወርደውን አየር ያሞቀዋል፣ የሞቀው አየር የሥሩን ያግዛል። ንጣፉ ሲወፍር ይህ ነፃ ሙቀት የሚደርሰው ክፍል ይበዛል፣ ደካማ ሆኖ የሚቀረው የላይኛው ክፍል ድርሻ ያንሳል። ድሮ 300 ሚሊ ሜትር ይነጠፍ ነበር፤ ዛሬ 700 የተለመደ ነው፣ ቻይና ውስጥ ከ900 የሚያልፉ አሉ። ከፍ ስታደርጉ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አትለፉ፣ ኮኩንም አብራችሁ ቀንሱ። ካልቀነሳችሁ ሥሩ ይቀልጣል።

የእሳቱ መውረጃ ፍጥነት በደቂቃ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 700 ሚሊ ሜትር ንጣፍ ከ28 እስከ 35 ደቂቃ ይፈልጋል። የማሽኑን ፍጥነት የሚወስነው ይህ ነው። እሳቱ ሥር የሚደርሰው ከመጨረሻው በፊት ባለው መምጠጫ ሳጥን ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የጋዙ ሙቀት እዚያ ጫፍ ላይ ወጥቶ መውረድ ሲጀምር ታውቁታላችሁ። ቀድሞ ከደረሰ ማሽኑ ባዶውን እየሄደ አየር ያባክናል። ከዘገየ ያልነደደ ድብልቅ ይወድቃል።

አነጣጠፉም ወሳኝ ነው። ትልልቁ ፍሬ ከታች፣ ደቃቁና ኮኩ ከላይ በዛ ብሎ መሆን አለበት። ድብልቁ የሚንሸራተትበት ሳህን ሲቆሽሽ ይህ መለያየት ይጠፋል። በየፈረቃው አጽዱት።

ጃፓኖቹ በዚህ ጉዳይ አንድ ብልህ መንገድ ሄደዋል። ጄኤፍኢ የተባለው የብረት ኩባንያ ኬሂን በሚባለው ፋብሪካው ላይ እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ከመለኮሻው በኋላ ጥቂት ጋዝ ከላይ እየረጨ ማምረት ጀመረ። ጋዙ ከኮኩ በላይ ባለው ንብርብር ይነድና ሙቀቱ ከ1200 ዲግሪ በላይ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝመዋል፤ ከፍተኛውን ሙቀት ግን አይጨምርም። ኮክ ብትጨምሩ የሚጨምረው ከፍታው ነው። ጥሩ ሲንተር የሚፈልገው ግን ቆይታ ነው። ኦስትሪያ ሊንዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የጭስ ጋዙን ሩብ ያህል መልሰው ንጣፉ ላይ ያሳልፉታል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደገና ይነዳል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለመርጫ ቀዳዳ ማጽዳት ግን አያስፈልግም፤ ለዚህ ነው ያንን ያስቀደምኩት።

መለኮሻውን በተመለከተ አጭር ነው። ከ1150 እስከ 1250 ዲግሪ፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደቂቃ። ሲወጣ ላይኛው ገጽ ሰማያዊ የሚመታ ጥቁር ከሆነ ልክ ነው። ቢጫ ከሆነ አልተለኮሰም። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከሠራ ከልክ አልፏል፣ አየሩንም ከላይ ዘግታችሁታል። መለኮሻው ውስጥ ያለው ግፊት ዜሮ አካባቢ ይሁን፤ ነበልባሉ ወደ ውጭ ከተፋ ጋዝ እየጣላችሁ ነው፣ ከውጭ አየር ከሳበም ዳሩ ይቀዘቅዛል። ለመለኮሻው የሚገባውን አየር ከማቀዝቀዣው በሚወጣው ሙቅ አየር ብትተኩት ጋዝ ይቀንሳል።

የወንፊቱን ነገር ማንም አያየውም

እኛ ጋ በአንድ ወቅት ተመላሹ ከፍ ብሎ አልወርድ አለ። ድብልቁ ተፈተሸ፣ ኮኩ ተፈተሸ፣ ሁሉም ደህና ነው። በመጨረሻ አንድ ሰው ተመላሹን ራሱን በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት አበጠረው። ከአምስት አንድ እጁ ከ5 ሚሊ በላይ የሆነ ደህና ሲንተር ነበር! የፋብሪካው ወንፊት ቀዳዳ ተበልቶ ሰፍቶ፣ የተጠናቀቀውን ምርት መልሰን እያነደድነው ነበር። ሁለት ጊዜ ኮክ፣ ሁለት ጊዜ ኤሌክትሪክ፣ ለአንድ ሲንተር። ወንፊቱ ሲቀየር ተመላሹ በዚያው ቀን ወረደ።

በሳምንት አንድ ጊዜ ይህን አድርጉ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በተገላቢጦሽ ወደ ብላስት ፈርነስ በሚሄደው ውስጥ ከ5 በታች ስንት እንዳለም እዩ፤ ወንፊቱ ሲደፈን ደቃቁ ያልፋል። የሚፈጠረው ተመላሽና የሚገባው ተመላሽ እኩል መሆን አለባቸው። ቋቱ እየሞላ ወይም እየጎደለ ከሄደ ነዳጁ ልክ አይደለም፣ ወይም ሚዛኑ ይዋሻል።

ጅራቱ ላይ ቁሙ፣ ከዚያ የላቡን ወረቀት አንብቡ

በፈረቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲንተሩ ተሰብሮ የሚወድቅበት ጫፍ ላይ ሄዳችሁ ቁሙ። ሰባራውን ከጎን ስታዩት ከታች ሲሶ ያህሉ ቀይ ቢሆን፣ ቀዩም ከዳር እስከ ዳር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ቀዩ ግማሽ ካለፈ ወይ ፍጥነቱ ወይ ኮኩ በዝቷል። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ አነጣጠፉ ተዛብቷል። ጥቁር ያልነደደ ድብልቅ ከታየ አየር በዚያ አላለፈም። ሲወድቅ አቧራው ከበዛ ደካማ ነው። ካሜራው ይህን ያሳያል፣ ዓይን ግን ይበልጣል።

ከላብ የሚመጡት ቁጥሮች ሦስት ናቸው ዋነኞቹ። የመጀመሪያው ጥንካሬ ነው፦ በዓለም አቀፉ መመዘኛ አይኤስኦ 3271 መሠረት 15 ኪሎ ሲንተር ድራም ውስጥ 200 ዙር ይሽከረከራል፣ ከ6.3 ሚሊ ሜትር በላይ የቀረው ይመዘናል። ሁለተኛው ኤፍኢኦ ነው። ይህ የነዳጃችሁ መስታወት ነው፤ ኮክ ሲበዛ ይወጣል፣ ሲያንስ ይወርዳል። ብዙ ቦታ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይሠራሉ። ከፍ ሲል ሲንተሩ ጠንካራ ይመስላል ግን ብላስት ፈርነሱ ውስጥ ኦክስጅኑን በቀላሉ አይለቅም፣ ስለዚህ እዚያ ሌላ ኮክ ይጠይቃል። እዚህ ያባከናችሁት ሳይበቃ እዚያም ታስከፍላላችሁ።

ሦስተኛው አርዲአይ ነው፤ ሲንተሩ ብላስት ፈርነሱ ውስጥ ገና በ500 ዲግሪ አካባቢ ሳለ ምን ያህል እንደሚፈርስ ይነግራችኋል። ኤፍኢኦን በጣም ስታወርዱት ይህ ይበላሻል። አሉሚናም ያበላሸዋል፣ የህንድ ማዕድን ደግሞ አሉሚናው ከፍተኛ ነው። ስለዚህ ኮክ በመቀነስ ውድድር አትግቡ፤ ሦስቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቀንሱ። የምትፈልጉት ውስጡ በመርፌ መልክ የተጠላለፈ የካልሲየም ፌራይት (የኖራና የብረት ውህድ) ማያያዣ ያለው ሲንተር ነው። እሱ የሚሠራው ኖራው በቂ ሲሆንና ሙቀቱ ከ1300 ብዙ ሳያልፍ ሲቆይ ነው። ካለፈ ይፈርስና ብርጭቆ ይሆናል።

ሙቀት ይዘው የሚመጡ ማዕድናትንም አትርሱ። ብረት ሲዳመጥ የሚረግፈው ቅርፊት ውስጥ ያለው ኤፍኢኦ ሲነድ በኪሎ ወደ 2 ሜጋጁል ይሰጣል፤ ነገር ግን ዘይት የነካው ቅርፊት ጭሱን ይመርዛል፣ ከማስገባታችሁ በፊት ዘይቱን አስለኩ። ማግኔታይት ማዕድንም በኪሎ ግማሽ ሜጋጁል ገደማ ይሰጣል። እኛ አገር ወለጋ፣ ጊምቢ አካባቢ ያለው የቢቂላል ማዕድን ማግኔታይት ከኢልመናይት ጋር ነው። በነዳጅ በኩል ጥሩ ነገር አለው፣ ኢልመናይቱ ይዞት የሚመጣው ቲታኒየም ግን አርዲአይን ያበላሸዋል። አንድ ቀን ይህን የምትሞክሩ ከሆነ ከጥንካሬው በፊት አርዲአይን ለኩ።

ስትቀይሩ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኮኩን በአንድ ጊዜ ከድብልቁ 0.1 በመቶ በላይ አትንኩ። ከነካችሁ በኋላ ድብልቁ ከቋት ተነስቶ፣ ነዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተመላሹም ዞሮ እስኪገባ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ያ ሳይሆን የሚመጣው ፈረቃ ኮኩን እንዳይነካው መዝገቡ ላይ ጻፉለት፦ ስንት ሰዓት፣ ከስንት ወደ ስንት፣ ለምን፣ የኮኩ እርጥበትስ ስንት ነበር።